ነጩ ቀሚስ ከሕልም አልተሰፋም፦ ስለ ሮማንቲክ ባሌት አልባሳት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ባሌት በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። በመሆኑም ስለ ሮማንቲክ ባሌት ውበት፣ በተለይም ስለ አልባሳቱ፣ በቅርቡ ለንባብ የበቃውን ሰፊ ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በቅሬታ ጨረስሁት። ጸሐፊው ለጥበቡ ያላቸው ፍቅር ከየመስመሩ ይነበባል፣ አማርኛቸውም ያማረ ነው። ቅሬታዬ የመጣው ውበቱን ከፍ ለማድረግ ሲሉ ውበቱን የሠሩትን ሰዎች ከታሪኩ ስላስወጧቸው ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላቅርብ። ጸሐፊው እንደሚሉት ነጩ የባሌት ቀሚስ በ1832 በአንድ ምሽት ከዳንሰኛዋ ከማሪ ታሊዮኒ ምናብ ተወለደ፤ የዘመኑ ባሌት በሙሉ ነጭ፣ ንጹሕና መንፈሳዊ ነበር፤ በእግር ጣት ጫፍ በመቆምም ታሊዮኒ የመጀመሪያዋ ናት። ወንዶች ከመድረኩ የራቁት ባሌት በባሕርይው የሴት ጥበብ በመሆኑ ነው፤ ኤማ ሊቭሪ የተባለችው ወጣት በእሳት ተቃጥላ የሞተችው ለውበቷ ከመጠን በላይ ስለ ተጨነቀች ነው፤ በ1880ዎቹ ቀሚሱ ሲያጥር ደግሞ የባሌት ነፍስ አብራ ወጣች። እኔ በተቃራኒው የምለው በዚያ መድረክ ላይ የታየው ክብደት የለሽነት በጨርቅ፣ በጋዝ መብራትና በሰው ጉልበት ተሠርቶ የተገኘ ነገር እንደ ነበረ፣ የሠሩትና ዋጋውን የከፈሉት ሰዎችም ሊጠሩ እንደሚገባ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቀሚሱ ልደት ልጀምር። «ላ ሲልፊድ» ማርች 12 ቀን 1832 በፓሪስ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱ እውነት ነው። ታሪኩን የጻፈው አዶልፍ ኑሪ የተባለው ዘፋኝ ሲሆን ውዝዋዜውን ያቀናበረው የማሪ አባት ፊሊፖ ታሊዮኒ ነው። ጄምስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ወጣት በሠርጉ ቀን እጮኛውን ጥሎ ክንፍ ያላትን የአየር መንፈስ ተከትሎ ወደ ጫካ ይሄዳል፤ ሊይዛት ሲፈልግ ከጠንቋይ የተቀበለውን ሻርፕ ያለብሳታል፤ ሻርፑ ተመርዞ ኖሮ ክንፎቿ ይረግፉና ትሞታለች። የማሪን ልብስ ሠዓሊው ዩዤን ላሚ እንደ ነደፈው ይነገራል። ከላይ እስከ ወገብ ሰውነት ላይ የሚጣበቅና ትከሻን ገላልጦ የሚተው፣ ከወገብ በታች ደግሞ እንደ ደወል ተነፍቶ ከጉልበት በታች የሚቀር ነጭ ቀሚስ ነበር፤ ከጀርባው ትናንሽ ክንፎች ነበሩት።

ይሁንና ጸሐፊው እንደሚሉት ከዚያ ምሽት በፊት የነበሩ ዳንሰኞች ሁሉ መሬት የሚጠርግ ከባድ ቀሚስ ተሸክመው አልነበረም የሚጨፍሩት። ዳንሰኛዋ ማሪ ካማርጎ የእግሯ ሥራ እንዲታይላት ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚት በላይ ያሳጠረችው ከዚያ ምሽት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብላ ነው። የእርሷ ተቀናቃኝ ማሪ ሳሌም በ1734 በለንደን መድረክ ላይ በዘመኑ ግዴታ የነበረውን ቀሚስ መንፊያ ቀፎ ጥላ ሙስሊን በተባለ ቀላልና ስስ የጥጥ ጨርቅ ቀርባ ነበር። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ የግሪክን ሐውልት አስመስሎ የተሰፋ ስስና ነጭ ሙስሊን በጎዳናም በመድረክም የተለመደ ነበር። ከዚህም በላይ የ1832ቱ ቀሚስ ቅርጽ የዘመኑ የፓሪስ ወይዛዝርት ለምሽት ግብዣ ይለብሱት ከነበረው ልብስ እጅግ የራቀ አልነበረም፤ ጠባብ ወገብ፣ የተገለጠ ትከሻና የተነፋ ጉርድ በሣሎኑም ነበሩ። ተመልካቿ ወይዘሮ በመድረክ ላይ ያየችው መንፈስ የራሷን ልብስ ቀለል ባለ መልኩ የለበሰች መንፈስ ነበረች፤ ባሌቱ በከተማው ልብ ውስጥ ቶሎ የገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ነጩ ሕልምም ቢሆን ከ«ላ ሲልፊድ» አራት ወር ያህል ቀድሞ ታይቷል። ኖቬምበር 21 ቀን 1831 በዚያው አዳራሽ በቀረበው የማየርቤር ኦፔራ «ሮቤር ለ ዲያብል» ውስጥ የሞቱ ሴት መነኮሳት በጨረቃ ብርሃን ከመቃብራቸው ተነሥተው በነጭ ልብስ የሚጨፍሩበት ትዕይንት አለ። ውዝዋዜው የፊሊፖ ታሊዮኒ፣ ገዳሙን የሚያሳየው የመድረክ ሥዕል የፒየር ሲሴሪ ሲሆን የመነኮሳቱ አለቃ ሆና የጨፈረችው ማሪ ታሊዮኒ ነበረች። ያ የጨረቃ ብርሃን የጋዝ መብራት ነው። የፓሪስ ኦፔራ ጋዝን በመድረክ ላይ የጀመረው በ1822 ስለ አላዲን ፋኖስ በሚተርክ ኦፔራ ነበር። ከሻማና ከዘይት ፋኖስ በተለየ ጋዝ ከአንድ ቦታ ሆኖ ከፍና ዝቅ ሊደረግ ስለሚችል መድረኩን በአንድ ጊዜ ማደብዘዝ ተቻለ። ነጭ ጨርቅም ለዚህ ደብዛዛ ብርሃን የተመቸ ነበር። ነጠላን በፀሐይ ፊት የዘረጋ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አንዱ እጥፍ ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ሲደራረብ ግን ነጭነቱ ይጠነክርና ጠርዙ ብቻ ይሳሳል። የመድረክ ልብስ ሰፊዎችም ስስ ሙስሊን በሙስሊን ላይ ሲደርቡ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዳንሰኛዋ ስትዘል ከሥር ያሉት ድርብርቦች አየር ይዘው ይነሣሉ፣ ስታርፍ ደግሞ ከእርሷ ዘግይተው ይወርዳሉ፤ ያ የጥቂት ቅጽበት መዘግየት ነው ለዓይን እንደ መንሳፈፍ የሚታየው።

ጨርቁስ ከየት መጣ? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አንድም ጊዜ አላነሡትም። በእጅ የሚሠራ የመረብ ጨርቅ ለዘመናት የባለጸጋ ብቻ ነበር። በ1808ና በ1809 እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት የቱል መረብን የሚሠራ ማሽን ፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ፤ በ1816 ሥራቸውን ማሽን የነጠቃቸው የእጅ ባለሙያዎች በላፍቦሮ የነበረውን ፋብሪካውን ሰብረውበት ወደ ቲቨርተን ተዛወረ። ሙስሊኑም ቀድሞ ከቤንጋል፣ በተለይም ከዳካ፣ ይመጣ የነበረ ሲሆን በ1830ዎቹ ገበያውን የያዘው የአውሮፓ ፋብሪካዎች ምርት ነበር። የእነዚያ ፋብሪካዎች ጥሬ ጥጥ በአብዛኛው የሚመጣው ከደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል፣ በባርነት ከተያዙ ጥቁሮች እጅ ነው። አንድን ቀሚስ ከአንዲት ሴት ምናብ ብቻ ማስወለድ እነዚህን ሁሉ እጆች መሰረዝ ስለሆነ አልቀበለውም።

ሁለተኛው ነጥብ የዘመኑ ባሌት በሙሉ ነጭና መንፈሳዊ ነበር የሚለው ነው። የዘመኑን ሥራዎች አንድ በአንድ ለሚያይ ሰው ይህ አይጸናም። «ላ ሲልፊድ» ራሱ በመጀመሪያው ገቢር የስኮትላንድ ባለአራት መዓዘን ጥለት ጨርቅ የሞላበት የገበሬ ቤት ነው። ጁን 28 ቀን 1841 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና ዳንሰኛዋን ካርሎታ ግሪሲን ያነገሠው «ዢዜል»ም በራይን ወንዝ አካባቢ ባለች መንደር፣ በወይን ለቀማ ወቅት፣ በቀለማት መሐል ይጀምራል። ነጩ ሁለተኛ ገቢር ኃይል የሚያገኘው ከዚህ ከቀለማቱ ዓለም ሲለይ ነው። ሙሽርነት ሳይደርሱ የሞቱት ልጃገረዶች መናፍስት፣ ዊሊዎች፣ የለበሱት ነጭ የሚያስደነግጠን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ዢዜልን ከመሞቷ አስቀድሞ በመንደሯ ልብስ ስላየናት ነው፤ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ነጭ ቢሆን ኖሮ መሞቷን ዓይናችን አይቀበለውም ነበር።

ከዚያም ፋኒ ኤልስለር አለች። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋታል፤ እኔ ግን ያለ እርሷ የዘመኑ አልባሳት ታሪክ ግማሽ ነው እላለሁ። የቪየናዋ ኤልስለር በ1836 «ለ ዲያብል ቧቶ» በተባለው ባሌት ውስጥ ካቹቻ የተባለውን የስፔን ጭፈራ ያቀረበችው በጥቁር ዳንቴል የተጌጠ ሮዝ የሳቲን ቀሚስ ለብሳ፣ ካስታኔት የተባሉትን ከእንጨት የተሠሩ ትናንሽ ማንኳኪያዎች በጣቶቿ እያንኳኳች ነበር። ወገቧ ይታጠፋል፣ ተረከዟ መሬት ይመታል፣ ዓይኗ ተመልካቹን ይፈትናል። ከ1840 እስከ 1842 አሜሪካን ስትዞርም ሕዝቡ የወደደው ይህንኑ ነው። ፖላንዳዊ፣ ሀንጋሪያዊ፣ ስፔናዊና ጂፕሲያዊ ጭፈራዎች ከነልብሳቸው የሮማንቲክ ባሌት እኩል አካል ነበሩ። ታሊዮኒን ክርስቲያን፣ ኤልስለርን አረማዊ ዳንሰኛ ብሎ የከፈላቸው ሐያሲው ቴዎፊል ጎቲዬ ነው፤ ጸሐፊው የዚህን ሐያሲ አንድ ምሳሌ ወስደው የዘመኑ እውነታ አድርገውታል። ያው ጎቲዬ ግን ከ«ላ ሲልፊድ» በኋላ ኦፔራው በመናፍስትና በውኃ ልጃገረዶች መሞላቱን ጽፎ፣ ነጭ ጎዝ፣ ቱልና ታርላታን የተባሉት ስስ ጨርቆች አጠቃቀም ከልክ ማለፉን አማርሯል። «ዢዜል»ን ከጻፉት አንዱ የሆነው ሰው ነጩ በዛ ካለ፣ ነጩ ብቻ ነበር ማለት እንዴት ይቻላል?

መንፈሳዊነቱንም በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ከ1831 ጀምሮ ኦፔራውን የመራው ሉዊ ቬሮን የመንግሥት ድጎማ እየተቀበለ በግሉ ትርፍና ኪሳራ የሚሠራ ሰው ነበር። ዳንሰኞቹ ከመድረክ በፊት ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበትን ክፍል ለዓመት ክፍያ ለከፈሉ ባለጸጋ ወንዶች የከፈተው እርሱ ነው። በመድረክ ላይ የማይጨበጥ መንፈስ የመሰለችው ልጅ ከጥቂት ደቂቃ በፊት በዚያ ክፍል ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ዓይን ማረፊያ ነበረች። ከዝቅተኛ ቤተሰብ ለመጡትና ደመወዛቸው ለማይበቃቸው ልጆች ከእነርሱ የአንዱ ደጋፊነት ብዙ ጊዜ የኑሮ ጉዳይ ነበር። የነጩ ቀሚስ ንጽሕና ለሽያጭ የቀረበ ንጽሕና እንደ ነበረ ሳይናገሩ ስለ ንጽሕናው ብቻ መጻፍ ልጆቹን ሁለተኛ ጊዜ መበደል ነው።

ስለ እግር ጣት ጫፍ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዠኔቪዬቭ ጎስላን በ1815 ገደማ በፓሪስ፣ አማሊያ ብሩኞሊ በ1823 በቪየና በጣታቸው ጫፍ ቆመዋል፤ ታሊዮኒ ራሷ ብሩኞሊን አይታታለች፣ ብሩኞሊ ለመነሣት እጆቿን በግልጽ ጥረት ታነሣ እንደ ነበርም ጽፋለች። የታሊዮኒ ድርሻ የመጀመሪያ መሆን አልነበረም፤ ጥረቱን መደበቅ ነበር። ጸሐፊው የዛሬውን ጠንካራ ጫማ በእግሯ ላይ አድርገው መሣላቸው ደግሞ ይህን ድርሻዋን ያሳንሰዋል። ተርፈው በሙዚየም የሚገኙት ጫማዎቿ ቀጭን የቆዳ ሶል ያላቸው ለስላሳ የሳቲን ጫማዎች ናቸው፤ ጫፋቸውና ጎናቸው በክር ጥልፍ ከመጠናከሩ በቀር የሚሸከማት ነገር የለም። የተሸከማት አባቷ በቪየና፣ በ1822 ከመጀመሪያ ትርኢቷ በፊት፣ በየቀኑ ለስድስት ሰዓት ያህል ያሠለጠናት ጡንቻ ነው፤ አንዱን አቋቋም እስከ መቶ እየቆጠረች ትይዝ ነበር። ጀርባዋ በመጠኑ የጎበጠና ክንዶቿ የረዘሙ ስለ ነበሩ አባቷ ወደ ፊት ዘንበል የሚል፣ ክንዶቹን የሚያጣምር አቋቋም አበጀላት፤ ዛሬ ሮማንቲክ የምንለው የባሌት አቋቋም ከዚያ የመጣ ነው። በአበባ ቅጠል ላይ በአንድ ጣቷ ቆማ የምናያት በዘመኑ በድንጋይ በታተሙ ሥዕሎች ላይ ነው፤ ሥዕሉን እንደ ፎቶግራፍ ማንበብ አይገባም።

ወንዶቹን በተመለከተ ጸሐፊው ያቀረቡት ምክንያት፣ ማለትም የባሌት ባሕርይ፣ ከሁሉም በቀላሉ የሚወድቀው ነው። ዡል ፔሮ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ መድረክ ከታሊዮኒ ጋር ጭብጨባ የሚካፈል ታላቅ ዳንሰኛ ነበር። በ1835 ከኦፔራው ቢወጣም፣ ስሙ በፕሮግራሙ ላይ ባይጻፍም፣ ግሪሲ በ«ዢዜል» ውስጥ የጨፈረቻቸውን ክፍሎች ያቀናበረላት እርሱ ነው። በ1845 በለንደን ታሊዮኒን፣ ግሪሲን፣ ፋኒ ቼሪቶንና ሉሲል ግራንን በአንድ መድረክ ላይ ያሰለፈውም እርሱ ነበር። ወንዱን ከፓሪስ መድረክ ቀስ በቀስ የገፉት ከላይ ያነሣኋቸው ከፋይ ደንበኞችና እንደ ዡል ዣናን ያሉ የወንድ ዳንሰኛ ማየት አንፈልግም ብለው የጻፉ ሐያስያን ናቸው። ነገሩ ሜይ 25 ቀን 1870 በታየው «ኮፔሊያ» ጫፍ ደረሰ፤ የወንድ ፍቅረኛውን የፍራንዝን ሚና ሱሪ ለብሳ የተጫወተችው ዩዤኒ ፊዮክር የተባለች ሴት ነበረች። እዚህ ላይ የዚያን ባሌት ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ፣ ስዋኒልዳን፣ መጀመሪያ የተጫወተችውን ጁዜፒና ቦዛኪን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በዚያው ዓመት ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር ስትከበብ ኦፔራው ተዘጋ፤ ልጅቱም በረሃብ በተዳከመ ሰውነቷ ላይ ፈንጣጣ ይዟት 17 ዓመት በሞላት ቀን ሞተች።

ባሌት በባሕርይው የሴት ቢሆን ኖሮ ኮፐንሃገን ላይም ወንዱ ይጠፋ ነበር። በዚያ ግን ኦገስት ቡርኖንቪል፣ ራሱ ዳንሰኛ የነበረና በንጉሣዊው ቲያትር የሚሠራ ሰው፣ በ1836 የራሱን «ላ ሲልፊድ» በአዲስ ሙዚቃ አዘጋጅቶ ጄምስን ራሱ ጨፈረው፤ የአየር መንፈሷም ወጣቷ ሉሲል ግራን ነበረች። ጄምስ የሚለብሰው የስኮትላንድ ወንዶች ጉርድ የወንዱን ዝላይና ፈጣን የእግር ምት ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል። የፓሪሱ ቅንብር ከመድረክ ወርዶ ሲጠፋ ሳይቋረጥ ተጠብቆ እስከ ዛሬ የሚጨፈረው ይህ የዴንማርኩ ነው። ተመልካቹና ገንዘቡ ሲለዩ የወንዱ ዕጣም ተለየ።

አሁን ወደ ኤማ ሊቭሪ ልምጣ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ ዋናው ነገር ጸሐፊው ስለ እርሷ የጻፉት አንድ አንቀጽ ነው። ሊቭሪ በ1842 ተወልዳ በ1858፣ በ16 ዓመቷ፣ በ«ላ ሲልፊድ» ለመጀመሪያ ጊዜ በፓሪስ ኦፔራ ታየች። ከመድረክ የተሰናበተችው ታሊዮኒ ተመልሳ አስተማረቻት፣ በ1860ም በኦፌንባክ ሙዚቃ «ለ ፓፒዮን» የተባለውን ባሌት አቀናበረችላት፤ የባሌቱ ቢራቢሮ ወደ ችቦ ተስባ ክንፎቿ ይቃጠላሉ። ኖቬምበር 15 ቀን 1862፣ 20 ዓመቷ ሳለ፣ «ላ ሙዌት ደ ፖርቲሲ» ለተባለው ኦፔራ ልምምድ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ቀሚሷ ከመድረኩ ጎን ባለ የጋዝ መብራት ተያያዘ። እሳቱ ከራሷ በላይ እየነደደ በመድረኩ ላይ ሮጠች፤ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አጠፋው። ከስምንት ወር ሥቃይ በኋላ ጁላይ 26 ቀን 1863 ሞተች። ከልብሷ የተረፈው ቁራጭ እስከ ዛሬ በፓሪስ ኦፔራ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ተቀምጧል።

ጸሐፊው የሚሉት እሳት የሚከላከል ጨርቅ ቀርቦላት በውበት ፍቅር ምክንያት እንቢ አለች፣ ስለዚህ የሞቷ ምክንያት ራሷ ናት ነው። እንቢ ማለቷ እውነት ነው፣ አልሸፋፍነውም። በ1859 የቲያትር ልብሶችና የመድረክ ጨርቆች ካርተሮን የተባለ ሰው ባወጣው ዘዴ እሳት እንዳይዛቸው ተነክረው እንዲዘጋጁ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ሊቭሪ በ1860 ለኦፔራው ኃላፊ በጻፈችው ደብዳቤ በተለመደው ቀሚሷ ለመጨፈር እንደምትፈልግና ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱን ራሷ እንደምትወስድ አስታውቃለች። ከአደጋው በኋላም ቢሆን የተነከሩትን ቀሚሶች አስቀያሚ ናቸው ማለቷ ይተረካል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

የማልስማማው ከዚህ በተወሰደው ፍርድ ነው። ካርተሮን ያዘጋጀው ፈሳሽ ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ያደበዝዘዋልም፤ ከላይ እንዳስረዳሁት ደግሞ የዚህ ጥበብ ሥራ በሙሉ የቆመው ጨርቁ አየር ይዞ በመነሣቱና ብርሃን በማሳለፉ ላይ ነው። የ18 ዓመቷ ዳንሰኛ እንድትመርጥ የተጠየቀችው በሥራዋና በደኅንነቷ መካከል ነበር። ሐያሲው ክብደት የለሽነትን ሲያወድስ፣ ከፋዩ ደንበኛ ክብደት የለሽነትን ሲጠብቅ፣ ኮንትራቷም በዚሁ ሲመዘን ኖሮ፣ እርሷ ብቻዋን ክብደቱን መርጣ ደረቅ ቀሚስ ባለማጥለቋ ከንቱ ተባለች። በዚያ ላይ የ1859ኙ ትእዛዝ ለቲያትሩ የወጣ ትእዛዝ ነው። አንድ አሠሪ በሕግ የተጣለበትን ግዴታ የሠራተኛዋን ፊርማ ተቀብሎ ወደ ጎን ካደረገው፣ ጥፋቱ በቅድሚያ የእርሱ ነው። መብራቶቹ ያለ በቂ መከለያ፣ ቀሚሳቸው የተንዘረፈፈ ሴቶች በሚተላለፉበት ጠባብ የመድረክ ጎን እንዲነድዱ የወሰነችው ሊቭሪ አይደለችም።

ሌላም አማራጭ አልነበረም ማለት አይቻልም። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ አሥራ ስምንተኛ የቲያትር ጨርቆች እሳት እንዳይዛቸው መላ እንዲፈለግ አዝዞ፣ ኬሚስቱ ጌ-ሉሳክ በ1821 የአሞኒየም ጨዎችንና ቦራክስን ፈትኖ ውጤቱን አሳትሟል። ይህ ከሊቭሪ አደጋ አርባ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ኦፔራው ጋዝ ከማስገባቱም በፊት ነው። በእንግሊዝም ንግሥት ቪክቶሪያ ጉዳዩ እንዲጠና ባደረገችው ጥያቄ መሠረት ፌርስማንና ኦፐንሃይም የተባሉ ኬሚስቶች ሊቭሪ ደብዳቤዋን በጻፈችበት ጊዜ ገደማ ሶዲየም ታንግስቴት የተነከረ ሙስሊን ሳይበላሽ ሊተኮስ እንደሚችል አሳይተው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የተሻለ ዘዴ መፈለግና ማሻሻል ይቻል ነበር። ያን ሥራ ግዴታዬ ብሎ የያዘው ቲያትር አልነበረም፤ ሸክሙ በመጨረሻ በአንዲት ወጣት ምርጫ ላይ ወደቀ።

የጸሐፊው ፍርድ የማይጸናበት ሌላው ምክንያት ሊቭሪ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። በዲሴምበር 1844 ክላራ ዌብስተር በለንደን ድሩሪ ሌን ቲያትር ትርኢት ላይ ሳለች ቀሚሷ ከመብራት ተያይዞ በቀናት ውስጥ ሞተች፤ ያኔ እንቢ የምትለው ትእዛዝም፣ የምትጽፈው ደብዳቤም አልነበረም። በሴፕቴምበር 1861 በፊላደልፊያ ኮንቲኔንታል ቲያትር አንዲት ዳንሰኛ በመልበሻ ክፍል ስትለብስ እሳት ይዟት፣ ሊረዷት የሮጡት እህቶቿና ባልደረቦቿ አብረው ተያያዙ፤ ቢያንስ ስድስት ወጣቶች አለቁ። በየአገሩ፣ በየዓመቱ፣ ተመሳሳይ ጨርቅ ከተመሳሳይ ነበልባል አጠገብ ሆኖ ተመሳሳይ ሞት ሲያመጣ፣ ምክንያቱን በአንዲት ልጅ ጠባይ ውስጥ መፈለግ ማስረጃውን አለማየት ነው። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን አንቀጽ ብቻ ቢያርሙ ለእኔ በቂ ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ የአጭሩ ቀሚስ ነው። ጸሐፊው በ1880ዎቹ ቀሚሱ ከጉልበት በላይ ሲወጣ ባሌት ነፍሱን ሸጦ ስፖርት ሆነ ይላሉ። በ1885 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሄደችው ኢጣሊያዊቷ ቪርጂኒያ ዙኪ አጠር ያለ ቀሚስ እንዲሰፋላት መጠየቋ ይታወቃል። ምክንያቱ ግን ቴክኒኩ ነው። በኢጣሊያ ትምህርት ቤቶች የተሠራው ጫፉ የጠነከረ ጫማ በአንድ እግር ብዙ ጊዜ መዞርን አስቻለ፤ እንዲህ ያለ ዙር የሚታየው ጉልበቱና ጭኑ ሲታይ ነው። ካማርጎ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ቁርጭምጭሚቷን የገለጠችበት ምክንያትም ይኸው ነበር፤ ቀሚስ እግር የሚሠራውን ሥራ ተከትሎ ያጥራል።

የሮማንቲክ ባሌት ነፍስ በአጭር ቀሚስ ዘመን ወጣች ከተባለም ማን እንዳዳናት መጠየቅ ተገቢ ነው። ፓሪስ «ዢዜል»ን ከ1868 በኋላ ከመድረክ አውርዳ ረሳችው። ያቆየው ማሪዩስ ፔቲፓ ነው፤ በሴንት ፒተርስበርግ ለአጭር ቀሚስና ለኢጣሊያውያን ዙር አዳዲስ ባሌቶችን በሚያቀናብርበት ቤት ውስጥ «ዢዜል»ን እያደሰ ለትውልድ አሳልፎታል። በ1910 የሩሲያ ዳንሰኞች፣ ታማራ ካርሳቪናና ቫስላቭ ኒዢንስኪ፣ ወደተወለደበት ወደ ፓሪስ ኦፔራ መልሰው ያመጡትም ያንኑ ፔቲፓ የጠበቀውን ነበር።